ሥሩ ጥቅልል፣ ጫፉ ዝርግ፦ የጅማ ዝናብና የተፈጥሮ ፀጉር

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሰላም እህቴ። ጅማ ነው የምኖረው፣ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ከሃይስኩል ጀምሮ ፀጉር የሚዘረጋውን ሪላክሰር ስቀባ ኖሬ ከዓመት በፊት ተውኩት። አሁን ሥሩ ጥቅልል ብሎ እየወጣ ነው፤ ጫፉ ግን ዝርግ እንዳለ ቀርቷል። ጠዋት አሳምሬው እወጣለሁ፣ ቢሮ ስደርስ ጨብራራ ነው። እናቴ ‹ቅቤ ተቀቢ› ትለኛለች። ፀጉር ቤት ስሄድ ‹ካልተተኮሰ አይያዝም› ይሉኛል። ያልገዛሁት ቅባት የለም፤ ያም ሆኖ ፀጉሬ ደረቅ ነው። ታላቅ እህቴ ደግሞ ሂጃብ ታደርጋለች፣ ሹሩባም ታበዛለች፤ የሷ ፀጉር ከፊት እየሳሳ ነው። ለሁለታችን የሚሆን ምክር ስጪን።»

ሰላም እህቴ። እናትሽንም ፀጉር ቤቷንም አልቃወምም። ሁለቱም የሚሉት የሚሠራበት ፀጉር አለ። አንቺ ራስ ላይ ያለው ግን ሁለት ዓይነት ፀጉር ነው። ከሥር የወጣው የራስሽ ነው። ከታች ያለው በሪላክሰር ተፈጥሮው የተቀየረ ነው። ፀባያቸው ለየቅል ነው፤ አንዱን የሚያስተካክለው ሌላውን ይሰብረዋል። የሚጋሩት አንድ ችግር ግን አለ። ቅባት አላነሳቸውም፣ ውኃ ነው ያነሳቸው።

ያን ሁሉ ቅባት ገዝተሽ ፀጉርሽ ደረቅ የሆነው ለዚህ ነው። ቅባት አያርስም። የቅባት ሥራ ያለውን ውኃ መክደን ነው። የሚከደን ውኃ ከሌለ ድርቀቱን ከድኖ ይቀመጣል። ላዩ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ እንደ ደረቀ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግርሽ ነገር ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይመለሳል፦ ፀጉርሽ ቀኑን እንዴት እንደሚውል የሚወሰነው ገና ውኃ እያንጠባጠበ ሳለ በምታደርጊው ነገር ነው። ከደረቀ በኋላ የሚደረግ ማሳመር ሁሉ ትግል ነው።

«ጅማ ላይ ይህ ሁሉ ዝናብ እያለ ፀጉሬ እንዴት ይደርቃል?» ብትዪ አይፈረድብሽም። ከተማችን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው።

የፀጉር ዘለላ ከውጪ እርስ በርስ የተደራረበ ቅርፊት አለው። ዞማ ፀጉር ላይ ቅርፊቱ ተኝቶ ይወርዳል። ጥቅልል ፀጉር ላይ ግን በየመታጠፊያው ትንሽ ይነሳል፣ ውኃም በዚያ በኩል ይወጣል። ከራስ ቆዳችን የሚወጣው ወዝም ዞማ ፀጉር ላይ ሽቅብ ቁልቁል ሳይል ቀጥ ብሎ እስከ ጫፍ ይወርዳል። የኛ ላይ ጥምዝምዙን መጨረስ ያቅተውና ሥሩ አካባቢ ይቀራል። ሥሩ ወዛም ሆኖ ጫፉ የሚደርቀው ለዚህ ነው።

እንዲህ የተጠማ ፀጉር ይዘሽ ከቤት ስትወጪ ውኃ ከአየሩ ይስባል። ችግሩ እኩል አለመሳቡ ነው። አንዱ ዘለላ ብዙ ይጠጣል፣ ጎረቤቱ ትንሽ። በክረምት እንደሚያብጥ የእንጨት በር እያንዳንዱ በየራሱ ያብጣል፣ በየራሱ አቅጣጫም ይጣመማል። ጥቅልሉ ይበተናል። ጨብራራ የምትዪው ይህንን ነው። ከቤት ስትወጪ በቂ ውኃ የጠጣና ከላይ የተከደነ ፀጉር ግን ከአየሩ የሚፈልገው ነገር ትንሽ ነው።

መተኮስ ጅማ ላይ ብዙ የማያዋጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፀጉር ውስጥ ውኃና ሙቀት የሚፈታቸው ደካማ ማያያዣዎች አሉ። ፔስትራው (የፀጉር መተኮሻው) ፈትቷቸው ቀጥ እንዳለ እንዲደርቁ ያደርጋል። እርጥበት ሲያገኙ እንደገና ይፈታሉ፣ ፀጉሩም ወደ ጥቅልሉ ይመለሳል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ተተኩሰሽ ሳምንት ልትቆዪበት ትችያለሽ። ሐምሌ ላይ ግን ከፈረንጅ አራዳ ባጃጅ ይዘሽ ቢሮ እስክትደርሺ አለቀ። ከዚያ ድጋሚ ይተኮሳል፣ ድጋሚ። ሙቀቱ ሲደጋገም ደግሞ ፀጉሩ ጭራሽ መጠቅለል ይተዋል። በእሳት የሞተ ጥቅልል በምንም ትሪትመንት አይመለስም፤ ተቆርጦ አዲስ እስኪያድግ መጠበቅ ብቻ ነው። ለሰርግ ለምናምን መተኮስ ካለብሽ ፀጉሩ ፈጽሞ ይድረቅ፣ ሙቀት መከላከያ ይቀባ፣ ፔስትራው ቁጥር ካለው ከ180 ዲግሪ አይለፍ። ፀጉርሽ ላይ ሲያርፍ «ጭስስ» ካለ ውስጡ ያለው ውኃ እየፈላ ነው። አስቁሚያቸው።

አሁን ስለ ጫፉ። ይህን ስነግራቸው ደንበኞቼ ፊታቸው ይቀየራል፣ ግን መባል አለበት። ሪላክሰር የሚሰብረው ቅድም ያልኳቸውን ደካማ ማያያዣዎች አይደለም። ፀጉርን ፀጉር ያደረገውን ጠንካራውን የሰልፈር ትስስር ነው የሚሰብረው። እሱ አንዴ ከተቀየረ አበቃ። «ጥቅልሉን የሚመልስ» ተብሎ የሚሸጥልሽ ነገር ሁሉ ገንዘብሽን ነው የሚፈልገው። በተለይ «ኬራቲን» እየተባለ ተቀብቶ በፔስትራ የሚተኮሰው፣ ሲተኮስ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ የሚያወጣው፣ ብዙ ጊዜ ፎርማልዲሃይድ ያለበት ነው። ለአንቺም ለሠራተኛዋም ሳንባ አይበጅም። ደግሞም ጥቅልሉን አይመልስም፣ ይባስ ብሎ ይዘረጋዋል።

ፀጉር በወር በአማካይ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ አንዳንዱ ትንሽ አለፍ ብሎ ያድጋል። ዓመት ከሞላሽ 12 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የራስሽ ፀጉር አለሽ ማለት ነው። «የታለ?» ትዪ ይሆናል። አንድ ዘለላ ከሥሩ ይዘሽ ሳቢውና ልቀቂው። ሲሳብ አገጭሽ ይደርሳል፣ ሲለቀቅ ጆሮሽ ላይ ይቀራል። ተሸብቦ ነው እንጂ አለ።

አደገኛው ቦታ ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር ነው። ጥቅልሉ ወደ ላይ ይሰበስባል፣ ዝርጉ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ማበጠሪያ ሲገባ እዚያ ጋ ይበጠሳል። መታጠቢያው ላይ የምታዪውን ፀጉር አንስተሽ ተመልከቺ። ጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ ነገር ካለው ከሥሩ የወደቀ ነው። በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ መውደቁ ጤናማ ነው፤ አትደንግጪ። ነጭ የሌለው አጭር ቁራጭ ከበዛ ግን እየተበጠሰ ነው። ችግሩ ከሥሩ ሳይሆን ከአያያዙ ነው።

አንድ ቀን ተነስተሽ ሁሉንም እንድትቆርጪው አልገፋፋሽም። የሚያምርባት አለች፣ አልቅሳ የምትሄድም አለች። በየሁለት ሦስት ወሩ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር እያሳጠርሽ መሄድ ይቻላል። እስከዚያው ሁለቱን የሚያስማማው ሥራ መጠምዘዝ ነው። ፀጉሩ እርጥብ እያለ ሁለት ሁለት እያደረግሽ ትጠመዝዢዋለሽ፣ ዝርጉን ጫፍ ቢጎዲን ላይ ትጠቀልይዋለሽ፣ ሲደርቅ ትፈቺዋለሽ። ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ይመስላል። የሚያውቀው አንቺና ፀጉር ሠሪሽ ብቻ ናችሁ።

ወደ አጠባው እንግባ። እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፣ ምክንያቱም ሥራው ሁሉ እዚህ ነው።

ቀኑን ቅዳሜ ወይም የዕረፍትሽን ቀን አድርጊው፣ ጠዋት። ማታ ታጥበሽ እርጥቡን አትተኚበት። በሳምንት አንዴ ይበቃል፤ ብዙ የምታልቢ ከሆነ ሁለቴ። ሳትታጠቢ በፊት ደረቁ ፀጉር ላይ፣ በተለይ ጫፉ ላይ፣ ትንሽ የኮኮናት ዘይት ቀብተሽ ግማሽ ሰዓት ተይው። ከዘይቶች ውስጥ ይህኛው ወደ ዘለላው ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ ሲታጠብ ፀጉሩ የራሱን ፕሮቲን እንዳያጣ ይረዳል። የጉሎ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ላዩ ላይ ነው የሚቀረው፤ ለመክደን ጥሩ ነው፣ ለዚህ ግን አይሆንም።

ከዚያ ፀጉርሽን አራት ቦታ ከፍለሽ በክሊፕ ያዢው። ለብ ያለ ውኃ ከበቂ በላይ አፍስሺበት። ጥቅልል ፀጉር ቶሎ አይርስም። ላዩ ረጥቦ መሐሉ ደረቅ ይሆናል። ጣትሽን ሰድደሽ እስከ ራስ ቆዳሽ መርጠቡን አረጋግጪ። ሻምፖውን ለቆዳው ስጪ፣ በጣት ጫፍ፣ በጥፍር አይደለም። ለርዝመቱ ሲታጠብ የሚወርደው አረፋ ይበቃዋል። ፀጉሩን አናትሽ ላይ ሰብስበሽ እንደ ልብስ አትሺው፤ ለቀጣዩ ሰዓት የምትፈቺውን ቋጠሮ ነው የምትሠሪው።

ኮንዲሽነሩን አትሰስቺበት። ሰው ሻምፖ በእፍኝ አድርጎ ኮንዲሽነር በጠብታ ይለካል፤ መሆን ያለበት ተገላቢጦሹ ነው። ኮንዲሽነሩ እንዳለ አንዱን ክፍል ይዘሽ መጀመሪያ በጣትሽ፣ ቀጥሎ ጥርሱ ሰፋፊ በሆነ ማበጠሪያ ፍቺው። ከጫፍ ትጀምሪያለሽ። ጫፉ ሲፈታ ትንሽ ከፍ ትያለሽ፣ ከዚያ ትንሽ። ሁለቱ ፀጉሮች የሚገናኙበት መስመር ጋ ስትደርሺ ከበላዩ በሌላ እጅሽ ጨብጠሽ ያዢ፣ መሳቡ እዚያ እንዳያርፍ። ከዚህ በኋላ እስከ ሳምንቱ ማበጠሪያ አያስፈልግሽም። ደረቅ ጥቅልል ፀጉርን ማበጠር ጨብራራ እንዲሆን መለመን ነው።

ውኃ በመዳፍሽ እየጨመርሽ ከታች ወደ ላይ ጭመቂው። «ጭቅ ጭቅ» የሚል ድምፅ መስማት አለብሽ። ድምፁ ከሌለ ውኃ አንሶታል፣ ጨምሪ። ከዚያ ኮንዲሽነሩን ሙልጭ አድርገሽ ሳይሆን ትንሽ ልስላሴ እስኪቀር አለቅልቂው።

ጥቅልሉን የሚይዘው ጄል የሚቀባው አሁን ነው፤ ፎጣ ሳይነካው፣ ውኃው ጀርባሽ ላይ እየወረደ። ብዙዎች የሚስቱት ይህችን ነው። ፀጉሩን በፎጣ አድርቀው፣ ቡና አፍልተው፣ ከዚያ ተመልሰው ይቀባሉ። ያኔ ጨብራራነቱ ጀምሯል፤ ጄሉ ያንኑ ጨብራራ ነው የሚያደርቀው። ቀብተሽ ስትጨርሺ በአሮጌ የጥጥ ቲሸርት ከታች ወደ ላይ እየጨመቅሽ ውኃውን አንሺለት። ፎጣ ሻካራ ስለሆነ ዘለላውን ያስነሳዋል።

ጄሉን ለመግዛት አትጨነቂ፤ ቤትሽ ተልባ አለ። ያልተቆላ፣ ያልተፈጨ፣ ፍሬው እንዳለ መሆን አለበት። ለመጠጥ የሚሆነው የተቆላው አይሠራም። በቡና ስኒ አንድ ስኒ ተልባ፣ ስምንት ስኒ ውኃ። መካከለኛ እሳት ላይ እያማሰልሽ አፍዪው። መጀመሪያ ውኃ ብቻ ይመስላል፣ ተስፋ ያስቆርጣል። ዝም ብለሽ አማስይ። ነጭ አረፋ ይወጣና ማንኪያውን ስታነሺ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ የሚሳብ ክር ይሠራል። ያኔ አውጪው። በሙቀቱ እያለ በአሮጌ ስቶኪንግ አጥልዪው፤ ከቀዘቀዘ እንቢ ብሎ እዚያው ይቀራል፣ እጅሽ ብቻ ይለፋል። ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ይቆያል። መብራት ከጠፋና ከቆመጠጠ ድፊው፤ የሸተተ ተልባ ራስ ላይ አይወጣም።

ስትቀቢው ፀጉሩ ሲደርቅ ጠጠር ብሎ ደረቅ ሽፋን ይሠራል። «አደረቀብኝ» ብለሽ እንዳታጥቢው። የተፈለገው እሱ ነው። ሽፋኑ ጥቅልሉ ሳይበተን እንዲደርቅ ይይዘዋል። እርጥበቱ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ አትንኪው። መንካት ያምርሻል፣ አውቃለሁ፤ እጅሽን ሌላ ሥራ ስጪው። ፈጽሞ ሲደርቅ ሁለት ሦስት ጠብታ ዘይት መዳፍሽ ላይ አሽተሽ ፀጉሩን ከታች ጨምቂው። ሽፋኑ ይሰበራል፣ ከሥሩ ለስላሳ ጥቅልል ይወጣል።

ክረምት ላይ እስኪደርቅ ቀኑ ይመሻል። ያኔ ካስክ፣ ራስ የሚገባበት የፀጉር ማድረቂያ፣ ጓደኛሽ ነው። ሰው ካስክን ከመተኮስ ጋር አንድ አድርጎ ይፈራዋል። ዝቅተኛ ሙቀት ላይ፣ ብሩሽ ሳይነካው፣ የተጠመዘዘ ፀጉር ካስክ ውስጥ መድረቁ ምንም አይለውም። ፎን (በእጅ የሚያዝ የፀጉር ማድረቂያ) ካለሽ ጫፉ ላይ የሚገጠም ጣት ጣት ያለው ሰፊ ክዳን ፈልጊ። ነፋሱን ስለሚበትነው ጥቅልሉን አያባርረውም።

ያ ሁሉ የገዛሽው ቅባት ምን ይሁን? ሁሉንም አትጣዪው። ጀርባውን አንብቢ። ከላይ ከተጻፉት መካከል ውኃ አንደኛ ከሆነ ክሬም ነው፣ ያርሳል፣ አስቀሪው። ፔትሮሊየም ጄሊ ወይም የማዕድን ዘይት አንደኛ ከሆነ መክደኛ ብቻ ነው፤ በጣም ትንሽ፣ ጫፍ ላይ ብቻ። ዳይሜቲኮን የሚባለው ሲሊኮን ያለበት ነገር ፀጉሩን ያሳምረዋል፣ ግን እየተደራረበ ውኃ እንዳይገባ ያግዳል። እሱን የምትጠቀሚ ከሆነ አልፎ አልፎ ጠንከር ባለ፣ ሰልፌት የሚባለው ማጽጃ ባለው ሻምፖ ማጠብ ግድ ነው። ሰልፌት ጠላት ነው የሚሉትን አልሰማቸውም። በየቀኑ ከሆነ አዎ ያደርቃል፤ በወር አንዴ ግን የተጠራቀመውን የሚያወጣው እሱ ነው።

ግሊሰሪን እንዳለሽ እርግጠኛ ነኝ፤ የሌለበት ቤት የለም። ንጹሑን በቀጥታ ፀጉር ላይ አትቀቢ። ግሊሰሪን ውኃ ሳቢ ነው። አየሩ እርጥብ ሲሆን ከአየር ስቦ ፀጉሩን ያሳብጣል። አየሩ ደረቅ ሲሆን ደግሞ ከፀጉርሽ ይስባል። በውኃ መርጫ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ቢገባ ይበቃል፤ ዝናቡ ሲጠና ጭራሽ ተይው።

ስለ አቮካዶ የማትጠይቀኝ የለችም። ጅማ አቮካዶ ርካሽ ስለሆነ ይመስለኛል። የተፈጨ አቮካዶ ወደ ፀጉር ውስጥ አይገባም፤ ዘይቱ ላዩን ያለሰልሳል፣ ሥጋው ጥቅልሉ ውስጥ ተሸጉጦ ለሁለት ቀን ይለቀማል። የቡና ዝቃጭ ራሳቸው ላይ የሚያሹም አሉ፤ ያው ነው። አቮካዶውን ብዪው፣ ቡናውን ጠጪው። እሬት ግን እውነትም ጥሩ ነው። ቢጫውን መራራ ፈሳሽ አንጠባጥበሽ አስወግጂና ግልጹን ውስጡን ብቻ ተጠቀሚ፤ ቢጫው ቆዳ ያሳክካል።

አሁን ወደ እናትሽ ቅቤ። ቅቤን አልንቅም። አያቶቻችን ጉዳዩን ያውቁት ነበር። ሹሩባ ተሠርቶ ለጋ ቅቤ አናት ላይ ሲቀመጥ በሰውነት ሙቀት እየቀለጠ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ወዙ የማይደርስበት ጫፍ ድረስ። ሥራው በሚገባ የታሰበ ነው። የሚጎድለው አንድ ነገር ውኃ ነው። ቅቤን የምትቀቢው ከታጠብሽ በኋላ፣ ፀጉሩ እርጥብ እያለ ነው። ደረቅ ላይ ደርቦ መቀባት ቅድም ያልኩሽን ድርቀት መክደን ነው። ለጋ ይሁን፣ ከሐሙስ ገበያ የመጣ ትኩስ ከሆነ እሰየው። የበሰለ ቅቤ ለወጥ ነው። ቀብተሽው በማግስቱ በደንብ ታጠቢው፤ ቅቤ ሲቆይ አሲዱ ይለቃል፣ ሽታውም ቢሮ ድረስ ይከተልሻል። እኔ ቅቤን ለሹሩባና ለዕረፍት ቀን እመርጣለሁ። ለሥራ ቀን ጥቅልል ይከብደዋል፣ ያወርደዋል።

ቅቤም ዘይትም የማይነካው ራስ ግን አለ። ፎሮፎር ካለሽ ተይው። ብዙ ሰው ነጭ ቅርፊት ሲያይ «ደርቆብኛል» ብሎ ቅባት ይጨምራል። ፎሮፎር በአብዛኛው ከድርቀት አይመጣም። ቆዳችን ላይ የሚኖር ፈንገስ አለ፣ ምግቡ ቅባት ነው፤ ስትቀቢ እየቀለብሽው ነው። ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፖ ፋርማሲ አለ። በሳምንት ሁለቴ፣ ቆዳው ላይ አምስት ደቂቃ አቆይተሽ ታጠቢ። ለጥቂት ሳምንታት ሞክረሽ ካልቀነሰ ወይም ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ ካየሽ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። ጭርት ከሆነ በሚዋጥ መድኃኒት ነው የሚድነው፣ ቅባት ብቻውን አያድነውም።

ማታ ፀጉርሽን አናትሽ ላይ ሰብስበሽ ላላ አድርገሽ ያዢው፣ በሳቲን ሻሽ ጠቅልዪው። የጥጥ ትራስ ሌሊቱን ሙሉ ውኃውን ይጠጣዋል፣ ሲገላበጡ ደግሞ ይፈትገዋል። ጠዋት ፈትተሽ አራግፊው። ያልተስተካከለው ቦታ ላይ ብቻ ውኃ ርጪ፣ ጭመቂ፣ ተይው። ሙሉውን ካራስሽው መታጠብ ነው። ባጃጅ ውስጥ ነፋስ ዳር አትቀመጪ፤ ካልሆነም ሻሹን እስክትደርሺ አታውልቂው። ቢሮ ስትደርሺ ጨብራራ የሚሆነው ግማሹ ከነፋሱ ነው።

እህትሽን በሚመለከት ግን ቸኩለሽ ንገሪያት። ከፊት መሳሳት የሚታገስ ነገር አይደለም። የፊት ፀጉር በተደጋጋሚ ሲጎተት ሥሩ ይደክማል። ገና ሲጀምር መጎተቱ ከቆመ በወራት ውስጥ ይመለሳል። ዓመታት ከዘለቀ ሥሩ ጠባሳ ሆኖ ይዘጋል፣ ያኔ አይበቅልም። ግንባሯ ጋ እንዴት እንደሳሳ ተመልከቺ። የፀጉሩ መስመር ወደ ኋላ ሄዶ ድሮ በነበረበት ቦታ ጥቂት አጫጭር ፀጉሮች ለብቻቸው ከቀሩ፣ ጥፋቱ የመጎተት ነው። ቆዳው ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ የፀጉር ቀዳዳ የማይታይ ከሆነ፣ ፀጉር ቤት ሳይሆን ሐኪም ጋ ትሂድ። ከፊት ብቻ ሳይሆን ከሁሉም ቦታ እየረገፈ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ የወለደች ሴት ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ እንዲህ ይገጥማታል፣ የደም ማነስና እንቅርትም ያመጡታል። እሱንም በምርመራ ነው የሚለዩት።

ሹሩባ ይቅር አልልም። ቆንጆ ነው፣ ፀጉርንም ያሳርፋል። ግን ግንባር ላይ ያሉትን ለስላሳ ፀጉሮች እየለቀሙ አይሥሩባት። ተሠርታ ስትነሳ ቅንድቧ ከተሳበ፣ ማታ ራሷን ካመማት፣ ወይም ሥሩ ላይ ትናንሽ ብጉር ከወጣ ጠብቋል፤ በዚያው ቀን ይላላ ወይም ይፈታ። «ይለመዳል» የሚል ፀጉር ሠሪ ካለ ሌላ ቦታ ይኬድ። ፈትታ በማግስቱ እንደገና አትሠራ፣ ሁለት ሳምንት እንኳ ይረፍ። ሂውማን ሄር የሚቀጠልበት ከሆነ ክብደቱ ስለሚጨምር ይበልጥ ይጠንቀቁ።

ሂጃቡን በተመለከተ፣ ፀጉርን መሸፈን በራሱ አይጎዳም። ከነፋስም ከፀሐይም ይጠብቃል። የሚጎዱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከሥር የሚደረገው ጠባብ ቆብ ነው። ላስቲኩ በየቀኑ ግንባር ላይ አንድ ቦታ ይፈትጋል። ሰፋ ይበል፣ ውስጡ ሳቲን ይሁን፣ ከኋላ የምትቋጥረውም አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይበል። ሁለተኛው ታጥባ እርጥቡን ጠቅልላ መውጣቷ ነው። ጅማ ላይ ከሻሽ ሥር የገባ እርጥበት ቀኑን ሙሉ አይወጣም። ቆዳው ያሳክካል፣ ይሸታል፣ ፎሮፎርም ይወዳታል። ማለዳ የምትወጣ ከሆነ የምትታጠበው ከሥራ እንደተመለሰች፣ እስከምትተኛ የሚደርቅበት ሰዓት ሲኖር ነው። ቤት ስትገባ ፈትታ በጣቷ ጫፍ ቆዳዋን ቀስ ብላ ታሸው፣ አየር ያግኘው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የፀጉርን ዓይነት በቁጥርና በፊደል የሚከፍል ነገር አለ፣ «3ቢ»፣ «4ሲ» እየተባለ። በ1990ዎቹ የኦፕራ ዊንፍሬይ ፀጉር ሠሪ የነበረው አንድሬ ዎከር ነው መነሻውን ያወጣው። ልጆች እሱን ሲፈልጉ ያድራሉ። አንድ ራስ ላይ ከአንድ በላይ ዓይነት ሊኖር ስለሚችል ብዙም አልደገፍበትም። ይልቅ ዘለላሽ ቀጭን ነው ወይስ ወፍራም የሚለውን እወቂ። አንዱን ዘለላ በሁለት ጣትሽ መሐል አሽተሽ እምብዛም ካልተሰማሽ ቀጭን ነው፤ ቀለል ያለ ነገር ብቻ ቀቢው። ሻካራ ክር ከመሰለሽ ወፍራም ነው፤ ክሬሙን ይችለዋል።

ፀጉር ቤት ስትሄጂ «የተፈጥሮ ፀጉር ትሠራላችሁ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሁሉም አዎ ይላል። «እርጥቡን ጄል ቀብታችሁ፣ ጠምዝዛችሁ፣ ሳታበጥሩ ካስክ ታስገቡልኛላችሁ?» በዪ። ፊታቸው ላይ መልሱን ታዪዋለሽ። ጫፉን ስታስቆርጪ ጥቅልሉ ደርቆ እያለ ይቆረጥ፤ እርጥብና የተዘረጋ እያለ ከተቆረጠ ሲደርቅ ምን ያህል እንደሚሸበብ ማንም አይገምትም። ቀጠሮሽን ጠዋት አድርጊው። ከሰዓት ወረፋው ሲበዛ ቶሎ እንዲደርቅ ብለው ሙቀቱን ይጨምሩታል።